ደም ሲመረመር ሥራም ይጠየቅ

እኛ አገር ከላብራቶሪ ከሚወጡ ቃላት ሁሉ «ጉበት» የሚለውን ያህል ቤተሰብ የሚያሸብር የለም። «ስኳር አለብህ» የተባለ ሰው ሻዩን ያለ ስኳር ለምዶ ኑሮውን ይቀጥላል፤ «ደም ግፊት» የተባለም ጨው ቀንሶ ክኒኑን ይውጣል። «ጉበትህ ተነክቷል» የተባለ ግን በዚያው ቀን ቅቤው ይነሳበታል፣ ሥጋው ይከለከላል፣ ጎረቤት ተራ በተራ እየመጣ የዓይኑን ነጭ ገልጦ ያያል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። የወፍ በሽታ ሰው ሲነጥቅ ያላየ ሰፈር ጥቂት ነው፤ ሄፓታይተስ ቢም በአገራችን በስፋት አለ። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንድ አካባቢ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ ሲታመሙና ሲሞቱ ቆይተው ምክንያቱ ሲጣራ፣ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያለበት አረም ከእህላቸው ጋር ተቀላቅሎ ተገኝቷል።

ስለዚህ ጉበት ቀላል ነገር ነው ለማለት አልተነሳሁም። የምለው ሌላ ነው። ወረቀቱ ላይ «ከፍ ብሏል» የተባለው ነገር ከጡንቻም ሊመጣ ይችላል፤ ይህን ለመለየት ደግሞ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነው። ይህን የተማርኩት ቴፒ አጠገብ፣ በቡና ሸክም ነው።

አጎቴ ከቴፒ ከተማ ወጣ ብሎ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የቡና ማሳ አለው። ከቡናው መሐል ኮረሪማ ተክሏል፣ ቁንዶ በርበሬው በዛፎቹ ግንድ ላይ ይወጣል፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰትና ጎደሬ አለ። ለጥየቃ የሄድኩት ለቀማው በደራበት ሰሞን ነበር። በደቡብ ምዕራብ ዝናብ መስከረም ስለጠባ ብቻ አይሰናበትም፤ በጥቅምትና በኅዳርም ከሰዓት በኋላ ድንገት ይወርዳል። የዚያን ቀንም ወረደ። እሸቱን ሊጭን የመጣው አይሱዙ ጭቃውን መውጣት አቅቶት ከታች፣ ከወንዙ ማዶ ቀረ።

ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ አለበት። በማዳበሪያ ታጭቆ ካደረ ይሞቃል፣ ይብላላል፣ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ገዢውም ዋጋውን ይሰብራል። የአንድ ቤተሰብ የዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ሊበላሽ ሲል ዳር ቆሞ የሚያይ ዘመድ የለም። አጎቴም፣ ልጆቹም፣ ለቃሚዎቹም፣ እኔም ማዳበሪያ ማዳበሪያችንን ተሸክመን ቁልቁል ወረድን፤ ባዶ እጃችንን ወጥተን እንደገና ተሸክመን ወረድን። ጭቃው ያንሸራትታል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትን አጥፎ ሰውነትንም ሸክምንም መግታት ግድ ነው። በባትሪ ብርሃን ጨረስን። ቡናው ሳያድር ደረሰ።

በማግስቱ ጭኖቼ ተሳሰሩ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቀን ደግሞ ባሰብኝ፤ ከወንበር ለመነሳት ጠረጴዛ መደገፍ ነበረብኝ፣ ጭኔ አብጧል፣ ሲነኩትም ያመኛል። ሽንቴ የጠቆረ ሻይ መሰለ። የአጎቴ ልጆች ግን ያንኑ ሸክም ተሸክመው አድረው በማለዳ ለቀማ ወጥተዋል። የዚህ ምክንያት ኋላ ይመጣል።

በመንገዴ ላይ ካገኘሁት አንድ ክሊኒክ ገባሁ። «መርፌ ይሻልሃል» ተባልኩና ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ መቀመጫዬ ላይ ተወጋሁ። ስለ ሸክሙም ስለ ሽንቴም የጠየቀኝ አልነበረም። ሚዛን ተፈሪ ስደርስ ድካሙ ስላልለቀቀኝ ሌላ ቦታ ደሜን ሰጠሁ። ወረቀቱ ሲመጣ ኤስጂኦቲ 412፣ ኤስጂፒቲ 138 ይላል፤ ሁለቱም ከ40 በታች መሆን ይገባቸው ነበር። አጠገባቸው ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለ። ቢሊሩቢኑ ደህና ነው፤ የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራም ነፃ አለኝ። ከወረቀቱ ጋር የተነገረኝ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጉበትህ ተነክቷል፣ ቅባት አትብላ»።

ወሬው እኔን ቀድሞ ቤት ገባ። አክስቴ የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ጎትታ አየች። «ልጄን ወፍ ይዞታል» አለችና ወዲያው ቅጠል ወቅጣ፣ ጨምቃ፣ በጣሳ ይዛልኝ መጣች። እጇ ላይ ያለው ፍቅር ነው። ሆኖም ሰው ለጉበቱ ብሎ የሚጠጣው ቅጠል ራሱ ጉበት የሚጎዳ ሊሆን ይችላል፤ ዕፅዋት ጉበት እንደሚጎዳ የትግራዩ አረም አስተምሮናል።

ጣሳው እጄ ሳይገባ የእህቴ ልጅ ደረሰች። በላብራቶሪ ሙያ የተመረቀች፣ በሥራ ላይ ያለች ልጅ ናት። ወረቀቱን ትኩር ብላ አይታ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ደም ከመስጠትዎ በፊት በነበሩት ቀናት ምን ሲሠሩ ነበር?»

የቡናውን ሸክም ነገርኳት።

«መርፌስ ተወግተዋል?»

«ተወግቻለሁ።»

«ሽንትዎስ ምን ይመስላል?»

መልኩን ስነግራት ከመቀመጫዋ ተነሳች። «እማማ፣ ጭማቂው ይቆይልን። ጋሼ፣ ይነሱ፣ እንሂድ።»

በዚያን ዕለት የሠራችውን በዝርዝር ልናገር፤ ምክንያቱም የረቀቀ ማሽን አልፈለገባትም። መጀመሪያ የሽንት ስትሪፑን ነከረች። ለቢሊሩቢን የተቀመጠችው ቁራጭ ቀለሟን አልቀየረችም፤ ሽንትን የሚያጠቁረው የወፍ በሽታ ቢሆን ኖሮ እሷ ትናገር ነበር። ለደም የተቀመጠችው ግን ወዲያው ከቢጫነት ወደ ጥቁር አረንጓዴ ሄደች። ስትሪፑ «ደም አለ» ማለቱ ነው። ቀጥላ ያንኑ ሽንት በማይክሮስኮፕ አየችው፤ ቀይ የደም ሴል የለም። ስትሪፑ ያየውን ማይክሮስኮፑ ካጣው፣ እዚያ ያለው ደሙ ራሱ አይደለም፤ ብረት የያዘ የደም መሰል ቀለም ነው።

ይህ ቀለም ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። አንዱ ሄሞግሎቢን ነው፤ ቀይ የደም ሴሎች በደም ሥር ውስጥ ሲፈነዱ ይወጣል፤ ወባ ባለበት በእኛ አገር ይህ የሚታወቅ አደጋ ነው። ሁለተኛው ማዮግሎቢን ነው፤ ጡንቻ ኦክስጅን የሚያከማችበት፣ ጡንቻ ሲጎዳ የሚለቀው ፕሮቲን። እነዚህን ለመለየት ደሜን ቀድታ በሴንትሪፉጅ አሽከረከረችና ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አሳየችኝ። ቀዩ ከታች ተኝቷል፤ ከላይ ያለው ሴረም ጥርት ያለ፣ ገለባማ ቢጫ ነው። «ሄሞግሎቢን ቢሆን ይኼ ላይኛው ቀላ ይል ነበር» አለችኝ። «ማዮግሎቢን ግን ትንሽ ስለሆነ በኩላሊት ቶሎ ይወጣል፤ ደሙን ሳያቀላ ሽንቱን ያጠቁራል። ጋሼ፣ ይኼ ጡንቻ ነው።» የወባ ምርመራውንም ስትሠራ ነፃ ሆነ። ይህን ሁሉ የሠራችው ብዙ ጤና ጣቢያ ባለው ዕቃ ነው።

ታዲያ ኤስጂኦቲ ለምን ከፍ አለ? ኤስጂኦቲ ኢንዛይም ነው፤ ኢንዛይም ማለት የሰውነትን ሥራ የሚያቀላጥፍ ፕሮቲን ነው። የኤስጂኦቲ ቦታ ሴሉ ውስጥ ነው፤ ሴሉ ሲጎዳ ሽፋኑ ይሳሳና ወደ ደም ይወጣል። ኤስጂኦቲ የሚባለው በጉበት አለ፣ በልብ አለ፣ በእጅና በእግር ጡንቻ አለ፣ በኩላሊትም በቀይ የደም ሴልም አለ። ደም ሲቀዳ ተንገላቶ ሴሎቹ ከተሰበሩ እንኳ ቁጥሩ ሊወጣ ይችላል። ኤስጂፒቲ ይበልጡን የጉበት ነው፤ ሆኖም ጡንቻም ከእሱ ድርሻ አለው። እንዲያውም ኤስጂኦቲ ሐኪሞች ዘንድ መጀመሪያ የታወቀው በጉበት ምክንያት አልነበረም። በ1954 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ላዱ፣ ሩብለቭስኪና ካርመን የተባሉ ተመራማሪዎች ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሀርት አታክ) በመታቸው ሰዎች ደም ውስጥ ከፍ ማለቱን አሳዩ፤ ልብ ደግሞ ራሱ ጡንቻ ነው። የጉበት መለኪያ ተብሎ የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው። ጉበትን ከጡንቻ ለመለየት ጂጂቲ የሚባለው ኢንዛይም ይረዳል፤ በጡንቻ ውስጥ የለም ማለት ይቻላልና፣ ኤስጂኦቲ ሰማይ ወጥቶ ጂጂቲ ደህና ከሆነ ጣት ወደ ጡንቻ ይቀሰራል።

የጡንቻ ዋናው ምስክር ግን ክሬያቲን ካይኔዝ፣ በአጭሩ ሲኬ የሚባለው ነው። ጡንቻ ኃይል በድንገት ሲፈልግ ከተጠራቀመው ስንቅ የሚያወጣለት እሱ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኤባሺና ባልደረቦቹ ጡንቻቸው በሚሟሽሽ ሕሙማን ደም ውስጥ ሲኬ እጅግ ከፍ እንደሚል ካሳዩ ወዲህ፣ በዓለም ሁሉ የጡንቻ ጉዳት የሚለካው በሱ ነው። እኛ ባለንበት ግን በዚያ ሰሞን ሲኬ የሚሠራ አላገኘንም። ስለዚህ ውሃዬን እየጠጣሁ በቦንጋ በኩል ወደ ጅማ ሄድኩ፤ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ለአንዲት ቁጥር።

ጅማ ላይ ያየኝ ሐኪም ከሁሉ በፊት ስለ ኩላሊቴ ተጨነቀ። ክሬያቲኒንና ፖታሲየም አዘዘ። ክሬያቲኒን ከሲኬ ጋር በስም ይቀራረብ እንጂ ሌላ ነገር ነው፤ ኩላሊት ምን ያህል እያጣራ እንደሆነ የሚነግረው እሱ ነው። ሁለቱም ደህና ሆኑ። ሲኬው 3,150 መጣ፤ ወረቀቱ የሚፈቅደው ላይኛው ልክ 200 አይሞላም። ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ አስረዳኝ። ሲኬ ከጉዳቱ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መውጣት ይጀምራል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ጉዳቱ ከቆመ በየአንድ ቀን ተኩሉ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። «እስከ ዛሬ በዚህ ፍጥነት ወርዶ ከሆነ ጫፉ ላይ ከአሥር ሺህ በላይ ሳይሆን አልቀረም» አለኝ። ኩላሊትን የሚያሰጋው ብዙውን ጊዜ 5,000 ከተሻገረ ነው። ዳይክሎፌናክን በስም ጠርቶ ከለከለኝ፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ ማዮግሎቢን ባለበት ሰዓት አደጋ ላይ አደጋ ይጨምራል። መርፌው ራሱም ጡንቻ ውስጥ ስለሚገባ ሲኬን ከፍ ያደርጋል። ውሃና ዕረፍት አዘዘልኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚዛን ተፈሪ ላይ ደሜ ተደግሞ ሲታይ ኤስጂኦቲው ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር።

ሐኪሙ የተጨነቀበት ነገር ታሪኩ ረዥም ነው። አገራችን ከፋሺስት ወረራ ነፃ በወጣችበት በ1941 እ.ኤ.አ.፣ በቦምብ በምትደበደበው ለንደን ባይዋተርስና ቢል የተባሉ ሐኪሞች ከፍርስራሽ ሥር የወጡ ሰዎችን ጉዳይ ጽፈው አሳተሙ። ሰዎቹ ሲወጡ ደህና ይመስላሉ፤ እግራቸው ተጭኖ ከመቆየቱ በቀር ሌላ ቁስል ላይኖራቸው ይችላል። ከዚያ ሽንታቸው ይጠቁራል፣ ይቀንሳል፣ ኩላሊታቸው ይቆምና በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ከተጨፈለቀው ጡንቻ የወጣው ቀለም ኩላሊታቸውን እንደሚዘጋው በስፋት የታወቀው ከነሱ ወዲህ ነው። ከጡንቻ የሚለቀቀው ፖታሲየም ደግሞ ልብን ሊያቆም ይችላል። ጡንቻ ለመጎዳት ግን ቤት መፍረስ አያስፈልገውም፤ ከልምድ በላይ የሆነ ሥራ ይበቃዋል።

ከሥራም ሥራ አለ። ዳገት ሲወጣ የጭን ጡንቻ እያጠረ ይሠራል፤ ቁልቁል ሲወረድ ግን ሸክም እንደያዘ በግድ እየተዘረጋ ይገታል። ጉዳቱን የበለጠ የሚያደርሰው ይህ ሁለተኛው ነው። ደግሞም ጡንቻ ይለምዳል፤ ያንኑ ሥራ ቀደም ብሎ የቀመሰ ጡንቻ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጎዳው በጣም ባነሰ ነው። የአጎቴ ልጆች በማለዳ የወጡት ለዚህ ነው፤ ቁልቁለቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። በሰሙነ ሕማማት የሚሰግድ ምእመን ይህን በጭኑ ያውቀዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ያልሰገደ ሰው በዕለተ ስቅለት በመቶዎች ሲሰግድ ፋሲካን ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። በዚያ ሰሞን ደሙን ቢሰጥ ሲኬውም ኤስጂኦቲውም ከፍ ብሎ ቢገኝ የሚገርም አይሆንም። ማራቶን የሮጠ ሰው በማግስቱ ሲኬው ብዙ ሺህ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከማንበብ በፊት ሰውዬው በዚያ ሳምንት የት ነበር፣ ምን ሠራ ማለት ይገባል።

«ልክ» የሚባለውም ነገር መታየት አለበት። ሲኬ በወንድ ከሴት፣ ጡንቻው በጎለበተ ሰው ከቀጭኑ ከፍ ይላል፤ የጥቁር ሕዝቦች ሲኬ በሙሉ ጤንነትም ጊዜ ከነጮች ከፍ ብሎ እንደሚገኝ በተደጋጋሚ ታይቷል። ወረቀታችን ላይ የሚታተመው ልክ ብዙ ጊዜ ከመመርመሪያው ኬሚካል ፋብሪካ የመጣ ነው። በአማራ ክልል በጤነኛ ወጣቶች ደም ላይ የራሳችንን ልክ ለመፈለግ ጥናት ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ እንዲህ ያለው ሥራ ለሸካም፣ ለከፋም፣ ለቤንች ሸኮም ይገባል። ሲነጋ ተሸክሞ ሲመሽ የሚያወርድ ሰው ደም በቢሮ ሠራተኛ ሚዛን ብቻ ሊፈረድ አይገባም።

ይህን ሁሉ ስል ከፍ ያለ ሲኬ ሁሌም የሸክም ነው እንዳይባልብኝ። ሰውዬው ለሳምንት ያህል ከከባድ ሥራ አርፎ፣ መርፌም ሳይወጋ ደሙ ተደግሞ ሲታይ ካልወረደ፣ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ሲኬን ከፍ ያደርጋል፤ እንቅርት በምናውቅበት ደጋ ይህን መርሳት አይገባም፤ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ በአዮዲን እንዲበለጽግ በ2011 እ.ኤ.አ. ደንብ የወጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። ለኮሌስትሮል የሚሰጡት ስታቲን የሚባሉት ክኒኖች ጡንቻ የሚጎዱበት ጊዜ አለ። ከሁሉ ልብ የሚነካው ግን የልጆቹ ነው። ዘግይቶ የሚሄድ፣ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ፣ ባቱ ወፈር ያለ፣ ከመሬት ሲነሳ እጁን ጭኑ ላይ እየተከለ በራሱ ላይ የሚወጣ ወንድ ልጅ ዱሼን የተባለው የጡንቻ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። ሲኬው ከተወለደ ጀምሮ እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ኤስጂኦቲውና ኤስጂፒቲውም አብረው ይወጣሉ። ሲኬ ያልታየለት እንደሆነ ያለ በሽታው ስለ ጉበቱ ሲመላለስ ዕድሜው ሊሄድ ይችላል።

አሁን ወደ ቡናው ልመለስ። ዛሬ ዓለም የሚሻማበት ጌሻ ቡና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከእኛ ደን ተወስዶ፣ በብዙ አገር ዞሮ ፓናማ ላይ በ2019 እ.ኤ.አ. ጨረታ አንዱ ፓውንድ ከ1,000 ዶላር በላይ ተሽጧል። በእኛ አገር የቡና ፍሬ በሰው ጣት ይለቀማል፣ በሰው ትከሻ ይወርዳል። ለበበቃና ለቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎችም ለቀማ ሲደርስ ከሌላ አካባቢ ብዙ ወጣት ይመጣል። ከደጋ ወደ ቆላ ሙቀት ይወርዳል፤ ያልለመደውን ሥራ ይጀምራል፤ በተለቀመው ልክ ስለሚከፈለው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ራሱን ይገፋል፤ ውሃውም አይበቃውም። ከዚህ ላይ ወባ ቢጨመርበትስ? ጡንቻ የሚጎዳበት ሁኔታ ሁሉ ተሟልቶ የሚገኘው በዚያ የመጀመሪያ ሳምንት ነው። አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሸክሙ እንዲቀልለት፣ የሚጠጣ ውሃ ማሳው ድረስ እንዲደርስለት ማድረግ ለአሠሪ ብዙ የሚያስወጣ ነገር አይደለም።

ከጤና ተቋሞቻችን የምጠይቀውም ትንሽ ነው። በደም መመርመሪያ ወረቀት ላይ ከስም፣ ከዕድሜና ከፆታ ቀጥሎ «ባለፈው ሳምንት የሠራው ሥራ» የሚል አንድ መስመር ይግባ፤ የወሰደው መርፌና መድኃኒትም ይጻፍ። የሲኬ ምርመራ ቢያንስ በለቀማ ወራት በዞን ሆስፒታሎች ይገኝ። እኛም ወረቀት ሲሰጠን «ከጉበት ነው ከጡንቻ?» ብለን እንጠይቅ፤ ሳንጠየቅም የሠራነውን እንናገር። ከባድ ሥራ ሠርቶ ጡንቻው ያበጠና ሽንቱ የጠቆረ ሰው ደግሞ የማስታገሻ መርፌም የቅጠል ጭማቂም ሳይጀምር፣ ነገ ሳይል፣ በዚያው ቀን ኩላሊቱ ይታይለት።